ዲግሪ ወይስ የኤንቢኤ ሕልም? የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እናት ለላኩት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው በአሜሪካ ከሚኖሩ አንዲት እናት ነው። ልጃቸው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪና የትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ቡድን ዋነኛ ተጫዋች ሲሆን፣ ትምህርት ሲዘጋም ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ በክለብ ውድድሮች ይሰለፋል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሒሳብና ሳይንስ ችላ ብሏል፤ እናቱ ሲቆጡት የሚሰጣቸው መልስ “ተመርቀው ሥራ ያጡ ሞልተው የለም ወይ፤ እኔ ቢያንስ በምወደው ነገር ዕድሌን ልሞክር” የሚል ነው። እሳቸው የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው፦ ዲግሪ የያዘ ሰው ሥራ የማግኘት ዕድሉ የአሜሪካ ከፍተኛው የቅርጫት ኳስ ሊግ የሆነው ኤንቢኤ ለመግባት ከሚጥር ጎበዝ ተጫዋች ዕድል በእርግጥ ይበልጣል ወይ? የሚበልጥ ከሆነስ ልጁ ኳሱን እንዲተው ሊያስገድዱት ይገባል ወይ?

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ መልሴ አዎን፣ እጅግ ይበልጣል ነው፤ ለሁለተኛው ግን አይገባም ነው። ሁለቱ መልሶች የሚጋጩ ሊመስሉ ይችላሉና፣ ኮሌጅ ውስጥ ስፖርተኛ ተማሪዎችን በሥራና በሙያ ጉዳይ እንደሚያማክር ሰው የማውቀውን በዝርዝር ላስረዳዎ።

ከኤንቢኤ እጀምራለሁ፤ በዚያ በኩል ያለው ስሌት ብዙ አያከራክርም። ሊጉ 30 ቡድኖች አሉት። እያንዳንዱ ቡድን በመደበኛ ውል መያዝ የሚችለው 15 ተጫዋቾችን ሲሆን፣ በተጨማሪም በዋናው ቡድንና በልማት ሊጉ መካከል እየተመላለሱ የሚጫወቱ እስከ 3 ተጫዋቾችን በልዩ ውል ማስፈረም ይችላል። በመሆኑም መደበኛው ቦታ 450፣ ልዩ ውሉ ሲጨመርበት ደግሞ 540 ነው። ጎበዝ ተጫዋች ስለበዛ ይህ ቁጥር አይጨምርም። ቡድኖቹ አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ዓመታዊ ድራፍት በሁለት ዙር የሚመረጡት ቢበዛ 60 ናቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ ደንቡ የደመወዝ ዋስትና የሚሰጠው በመጀመሪያው ዙር ለተመረጡት 30 ብቻ ነው፤ ያውም ዋስትናው የሚሸፍነው ሁለት ዓመት ሲሆን፣ ሦስተኛውና አራተኛው ዓመት በቡድኑ ምርጫ ላይ ይወሰናል። ለእነዚህ ቦታዎች የሚወዳደሩት ደግሞ የአሜሪካ ልጆች ብቻ አይደሉም፤ የ2024-25 የውድድር ዘመን ሲከፈት ከ43 አገሮች የመጡ 125 ተጫዋቾች በቡድኖቹ ዝርዝር ውስጥ ይገኙ ነበር።

በሌላው ጫፍ ያሉትን ደግሞ እንይ። በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱ ወንዶች ከ530,000 በላይ ናቸው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ኤንሲኤኤ በሦስቱ ዲቪዥኖቹ ያሉት ወንድ ተጫዋቾች ሲደመሩ ወደ 19,000 ይጠጋሉ። ኤንሲኤኤ ራሱ በሚያወጣው ግምት መሠረት፣ በየዓመቱ ለድራፍት ብቁ ከሚሆኑት የኮሌጅ ተጫዋቾች መካከል የሚመረጡት አንድ በመቶ ገደማ ናቸው፤ ከሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍል ተነሥቶ ለተቆጠረ ደግሞ ከ10,000 ተጫዋቾች 3 ያህሉ ብቻ ናቸው።

እነዚህ አማካይ ቁጥሮች ናቸው እንጂ የልጅዎ የግል ዕድል አይደሉም፤ ይህንን በሚገባ መለየት ያስፈልጋል። አብዛኛው የሁለተኛ ደረጃ ተጫዋች ኤንቢኤን በቁም ነገር አያስብም፤ ከ10,000 ውስጥ ያሉት ሦስቱም በዕጣ የወጡ አይደሉም። ስለዚህ አንድን ልጅ በሚመለከት ከሁሉ የተሻለው መለኪያ ማን እየፈለገው እንደሆነ ነው። ደንቡ ከሦስቱ ዲቪዥኖች ከፍተኛው የሆነው የዲቪዥን አንድ አሠልጣኞች አሥረኛ ክፍል የጨረሰን ተጫዋች በቀጥታ እንዲያነጋግሩ ይፈቅዳል። ልጅዎ አሥራ አንደኛ ክፍልን እያገባደደ ከሆነና እስካሁን በስሙ የጻፈለት፣ የደወለለት ወይም ስኮላርሺፕ ያቀረበለት የዲቪዥን አንድ አሠልጣኝ ከሌለ፣ የኤንቢኤ ጉዳይ ለጊዜው የሥራ ዕቅድ ሊባል አይችልም። ካለም እንኳ ገና የመጀመሪያው ማጣሪያ ላይ ነው። የክለብ አሠልጣኝ ወይም የውድድር አዘጋጅ የሚሰጠውን ተስፋ በዚህ መለኪያ ውስጥ አላስገባውም፤ ለውድድሩ ገንዘብ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎትና።

ልጆች በዚህ ጊዜ የሚጠሩልን ስም አላቸው። ቤን ዋላስ በ1996 በድራፍት ማንም ሳይመርጠው ቀርቶ በኋላ ታላቅ ተከላካይ ሆነ፤ ፍሬድ ቫንቭሊትም በ2016 ሳይመረጥ ቀርቶ በ2019 ከቶሮንቶ ጋር ሻምፒዮን ሆነ፤ ጄረሚ ሊንም በ2010 አልተመረጠም። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሦስቱም ወደ ሊጉ የደረሱት በኮሌጅ በኩል ነው፤ ሊን እንዲያውም ከሃርቫርድ በኢኮኖሚክስ ተመርቆ ነው የወጣው። በአንጻሩ ሌኒ ኩክ በዘመኑ ከአገሪቱ ምርጥ የሁለተኛ ደረጃ ተጫዋቾች አንዱ የተባለ ሲሆን፣ በ2002 ኮሌጅ ሳይገባ ስሙን ለድራፍት አስመዘገበ፤ ማንም አልመረጠውም፣ በኤንቢኤም አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ቀረ። ዛሬ ደንቡ ያንን መንገድ ዘግቶታል፤ ከ2006 ድራፍት ጀምሮ አሜሪካዊ ተጫዋች 19 ዓመት የሞላውና ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሰ ቢያንስ አንድ ዓመት ያለፈው መሆን አለበት።

ኤንቢኤ ያልገባ ተጫዋች ሁሉ ሥራ ያጣል ማለትም ትክክል አይሆንም። የልማት ሊጉ ጂ ሊግ 31 ቡድኖች አሉት፤ በ2024-25 መደበኛ ደመወዙ ለአንድ የውድድር ዘመን 43,000 ዶላር ሲሆን መኖሪያና የጤና መድን ይታከልበታል። በስፔን፣ በቱርክ፣ በቻይና፣ በአውስትራሊያ፣ ከ2021 ወዲህም በአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ ተጫውተው የሚኖሩ ብዙ ናቸው። ይህ የተከበረ ሥራ ነው፤ ይሁንና ውሉ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት ነው፣ ጉዳት ከደረሰ ደግሞ ከዚያም ያጥራል። ደመወዝ በወቅቱ የማይከፍሉ ክለቦች በመብዛታቸው የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊባ በ2007 ለዚሁ ተብሎ ጄኔቫ ላይ የግልግል ችሎት እንዲቋቋም እስከማድረግ ደርሷል።

አሁን ልጅዎ ወዳነሣው ነገር ልምጣ፤ የተናገረው ከሜዳ ተነሥቶ አይደለምና ሊሰማ ይገባዋል። የኒው ዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ በየጊዜው በሚያወጣው መረጃ መሠረት፣ በ2025 መጀመሪያ ላይ ዕድሜያቸው ከ22 እስከ 27 ከሆነ አዳዲስ ተመራቂዎች መካከል 5.8 በመቶ ያህሉ ሥራ አጥ ነበሩ፤ ሥራ ካላቸውም ውስጥ 41 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ዲግሪ በማይጠይቅ ሥራ ላይ ተሰማርተው ነበር። የመስኩ ልዩነትም ከፍተኛ ነው። በዚሁ መረጃ ነርሲንግ ካጠኑት መካከል ዲግሪ በማይጠይቅ ሥራ ላይ ያሉት ከአሥር አንድ ገደማ ሲሆኑ፣ የወንጀል ፍትሕ ካጠኑት ግን ከሦስት ሁለት እጅ ያህሉ ናቸው። አስተማማኝ ሲባል የኖረው ኮምፒዩተር ሳይንስ እንኳ በ2025 በወጣው መረጃ 6.1 በመቶ ሥራ አጥነት ታይቶበታል። በዚህ ላይ በአራት ዓመት ኮሌጅ ከሚጀምሩ የሙሉ ጊዜ ተማሪዎች መካከል በስድስት ዓመት ውስጥ የሚመረቁት ከሦስት ሁለት እጅ አይሞሉም፤ ዕዳውን ይዞ ዲግሪውን ሳይዝ የወጣ ልጅ ያለበት ሁኔታ ከሁሉም የከፋ ነው። ስለዚህ “ተማር ብቻ፤ ሥራው ራሱ ይመጣል” የሚለውን ምክር እኔም አልሰጥም።

ያም ሆኖ በጠቅላላው ሲታይ ልዩነቱ ግልጽ ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለ2024 ባወጣው መረጃ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች መካከለኛ ሳምንታዊ ገቢ 1,543 ዶላር፣ የሥራ አጥነት መጠናቸውም 2.5 በመቶ ነበር፤ ሁለተኛ ደረጃን ብቻ ለጨረሱት ደግሞ ገቢው 930 ዶላር፣ ሥራ አጥነቱ 4.2 በመቶ ነበር። አዳዲስ ተመራቂዎችን ያስቸገረው ሁኔታ ከዓመታት በኋላ ለአብዛኞቹ እንደሚለወጥ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለልጅዎ ማስረዳት የሚያስፈልገው ግን ከእነዚህ መቶኛዎች ይልቅ የሁለቱ የሥራ ገበያዎች ባሕርይ ነው። ነርስ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ መምህር ወይም መሐንዲስ ለመሆን ከክፍሉ አንደኛ መውጣት አያስፈልግም፤ መካከለኛ የሆነው ተመራቂም ተቀጥሮ፣ ቤት መሥርቶ፣ እያደገ ይኖራል። ሙያው ለመካከለኛው ሰው ቦታ አለው። በፕሮፌሽናል ቅርጫት ኳስ ግን ለመካከለኛ ተጫዋች የተዘጋጀ ቦታ የለም። በድራፍቱ ስልሳኛ ሆኖ በተመረጠውና ስልሳ አንደኛ ሊሆን በነበረው ልጅ መካከል ያለው የችሎታ ልዩነት ለዓይን አይታይም ማለት ይቻላል፤ የሚገጥማቸው ነገር ግን በእጅጉ ሊራራቅ ይችላል። ወጣቱ ሥራ ያጣ ተመራቂን አይቶ “ከእኔ በምን ይሻላል” ሲል የሚያነጻጽረው፣ ዘግይቶም ቢሆን በር የሚከፈትለትን ሰው በሃያ ሦስት ዓመቱ በሩ ለዘለቄታው ከሚዘጋበት ሰው ጋር ነው።

የሽልማቱንም ትልቅነት መደበቅ አይገባም፤ ልጁ ያውቀዋልና። በ2024-25 ለጀማሪ የሚከፈለው ዝቅተኛው የኤንቢኤ ዓመታዊ ደመወዝ 1,157,153 ዶላር ነበር። ከላይ የጠቀስኩትን መካከለኛ ሳምንታዊ ገቢ በ52 ሳምንት ብናባዛው ወደ 80,000 ዶላር ይመጣል፤ ስለዚህ ያ ተጫዋች ግብርና የወኪል ክፍያ ሳይቀነስ በአንድ ዓመት ያገኘው አንድ ተመራቂ በአሥራ አራት ዓመት የሚያገኘውን ያህል ነው። መሞከሩን የማልቃወመው በዚህም ምክንያት ነው። የምቃወመው ሙከራው ከሚያስከፍለው በላይ ሲከፈልበት ብቻ ነው፤ ልጅዎ አሁን እያደረገ ያለውም ይህንኑ ይመስለኛል።

ምክንያቱም ትምህርቱን ችላ በማለቱ ወደ ኤንቢኤ አይቀርብም፣ ይርቃል እንጂ። በዲቪዥን አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆኖ ለመጫወት ኤንሲኤኤ የሚቀበላቸውን 16 ዋና ዋና ኮርሶች በሁለተኛ ደረጃ መጨረስና በእነዚህ ኮርሶች ቢያንስ 2.3 አማካይ ነጥብ ማምጣት ግድ ነው። ከ16ቱ 10ሩ፣ ከአሥሩም ሰባቱ ከእንግሊዝኛ፣ ከሒሳብና ከሳይንስ፣ ሰባተኛው ሴሚስተር ከመጀመሩ በፊት፣ ማለትም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳይገባ መጠናቀቅ አለባቸው፤ የእነዚህ ኮርሶች ውጤትም ከዚያ በኋላ ደግሞ በመማር ሊሻሻል አይችልም። ልጅዎ አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ሆኖ የተዋቸው ሒሳብና ሳይንስ በትክክል እነዚህ ናቸው። ይህንን ሳያሟላ የቀረ ልጅ፣ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ የመጀመሪያውን ዓመት ጨዋታ ከዳር ሆኖ ያያል። አሠልጣኞችም ይህንን ስለሚያውቁ ትራንስክሪፕቱ (የትምህርት ውጤት ማስረጃው) የሚያሳስባቸውን ልጅ ብዙ ጊዜ ሳይነግሩት ይተዉታል።

አሁን ደግሞ ከልምዴ አብዝቼ የማስብበትን ጉዳይ ላንሣ። ብዙ ወላጆች “ዲግሪው ለክፉ ቀን ይሆነዋል” ብለው ይረጋጋሉ። ሆኖም ለስም ያህል የተያዘ ዲግሪ ለክፉ ቀን አይደርስም። የዲቪዥን አንድ ተጫዋች ሳምንት ምን እንደሚመስል ልንገርዎ፦ ማለዳ የጡንቻ ማጠናከሪያ አለ፤ ትምህርቱ እስከ ቀትር ይታጨቃል፤ ከሰዓት በኋላ ልምምድ፣ ማታ የጨዋታ ቪዲዮ ይታያል፤ በሳምንቱ መካከል ከሜዳ ውጭ ጨዋታ ካለ ሁለት ቀን ከክፍል ይቀራል። ደንቡ ለስፖርቱ የሚፈቅደው በሳምንት 20 ሰዓት ቢሆንም፣ ተጫዋቾቹ ለኤንሲኤኤ መጠይቅ በሰጡት መልስ ለኳሱ የሚያውሉት ከ30 ሰዓት በላይ ነው። የኬሚስትሪ ወይም የአናቶሚ ላብራቶሪ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይሰጣል፤ ልምምዱም ያን ጊዜ ነው። ነርሲንግ ወይም ኢንጂነሪንግ እፈልጋለሁ ብሎ የመጣ ልጅ በሁለተኛው ሴሚስተር ሰዓቱ ከልምምድ ጋር ወደማይጋጭ የትምህርት ክፍል ሲዛወር ደጋግሜ አይቻለሁ። ማንም አላስገደደውም፤ የሰዓት ሠንጠረዡ ብቻ ወሰነለት።

አንዳንድ ቦታ ደግሞ ከዚህ የባሰ ሆኗል። በቻፕል ሂል የሚገኘው የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲን በተመለከተ በ2014 ይፋ የሆነው ምርመራ፣ በ18 ዓመት ውስጥ ከ3,100 በላይ ተማሪዎች መምህር የማይገባባቸውና አንድ ጽሑፍ ብቻ የሚጠየቅባቸው ኮርሶች ወስደው እንደነበር አረጋግጧል፤ ግማሽ ያህሉ ስፖርተኞች ነበሩ። ሥራ ፈልገው ሲወጡ ቀጣሪው የሚጠይቃቸው ግን የሚችሉትን ነው።

ከ2021 ወዲህ የመጣው ለውጥ ነገሩን በሁለት በኩል ቀይሮታል። የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ተፈቅዶላቸዋል፤ በ2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ደግሞ ኮሌጆች ራሳቸው ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ ሊከፍሉ ይችላሉ፤ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ኮሌጅ በሁሉም ስፖርቶች ተደምሮ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በዚህም ምክንያት ኮሌጅ ቶሎ ትቶ ለድራፍት ስሙን የሚያስመዘግብ ተማሪ ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል፤ ለብዙዎችም በሕይወታቸው ከኳስ የሚያገኙት ከፍተኛ ገንዘብ ኮሌጅ እያሉ የሚያገኙት ሆኗል። ይህ ለትምህርት መልካም ዜና ነው። በሌላ በኩል የተሻለ ክፍያ ፍለጋ በየዓመቱ ኮሌጅ መቀየር ተለምዷል። አንድ ያማከርኩት ተማሪ ሦስት ኮሌጆች ተዘዋውሮ የመጫወት ዘመኑን ሲጨርስ በእጁ ከ120 ክሬዲት በላይ ነበረው፤ ለዲግሪ የሚበቃ ይመስላል። ሆኖም ከእነዚህ አብዛኞቹን የመጨረሻው ኮሌጅ እንደ ምርጫ ኮርስ ብቻ ነው የቆጠራቸው፤ በዋናው መስኩ የቀረው ገና ሁለት ዓመት ገደማ ነበር። ገንዘቡ አልቋል፣ ኳሱም ቆሟል።

ስለዚህ የመከርኩዎት ልጁን ከሜዳ እንዲያስወጡት አይደለም። በዚህ ዕድሜ የሚወደውን ነገር በግድ የተነጠቀ ልጅ ወደ ሒሳብ አይመለስም፤ ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ይቀራል። ከዚህ ይልቅ በዚህ ሳምንት ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጋር አንድ ላይ ተቀምጣችሁ ከ16ቱ ኮርሶች የትኞቹ እንደተጠናቀቁና የትኞቹ እንደቀሩ በዝርዝር እዩ፤ ትምህርት ሲዘጋ ሊካካስ የሚችል ካለ ከውድድሩ በፊት እሱ ይቅደም። ለልጁም የሚነግሩት “ኳሱን ተው” ሳይሆን “የምትወደው በር ላይ የሚጠየቀው ወረቀት ይህ ነው” ብለው ቢሆን ያዳምጥዎታል ብዬ አምናለሁ። የሚማርበትን መስክ ሲመርጥ ከኳስ ጋር የሚቀራረብ ነገር ቢወድ፣ ለምሳሌ ፊዚዮቴራፒ፣ የመረጃ ትንተና ወይም ማስተማር፣ አይከልክሉት፤ የተጫዋችነት ልምዱ እዚያ ዋጋ አለው።

ስኮላርሺፕ የሚያቀርብ ኮሌጅ ሲመጣም አሠልጣኙን ስለ ጨዋታው ልጁ ይጠይቅ፤ እርስዎ ደግሞ ስለ ሌላው ይጠይቁ። ካለፉት አራት ዓመታት ተጫዋቾቻችሁ ውስጥ ስንቶቹ ተመረቁ፣ በምን መስክ? የላብራቶሪ ትምህርት ከልምምድ ጋር ሲጋጭ ማን ይቀድማል? ውድድር በሌለበት ወቅት የተግባር ልምምድ ሥራ እንዲይዝ ትፈቅዱለታላችሁ? ቢጎዳ ወይም አሠልጣኙ ቢቀየር ስኮላርሺፑ ይቀጥላል? ከነሐሴ 2024 ጀምሮ የዲቪዥን አንድ ኮሌጆች ሙሉ ስኮላርሺፕ የነበረው ተጫዋች የመጫወት ዘመኑ ካበቃ በኋላ እስከ አሥር ዓመት ድረስ ተመልሶ ዲግሪውን እንዲጨርስ ወጪውን የመሸፈን ግዴታ አለባቸው፤ ይህንንም ለልጅዎ በምን ሁኔታ እንደሚፈጽሙት ይጠይቁና መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይቀበሉ።